ሁለት ወር ብስክሌት ነድቼ ክብደቴ ለምን አልቀነሰም?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 41 ዓመት፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ72 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቴ 96 ኪሎ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ከሁለት ወር በፊት ያገለገለ ብስክሌት ገዝቼ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን 45 ደቂቃ ያህል እነዳለሁ። የቀነስኩት ግን አንድ ኪሎ ብቻ ነው። አንዱ ጓደኛዬ «እንጀራ ካላቆምክ ዋጋ የለውም» ይለኛል፤ ሌላው «በባዶ ሆድ ንዳ» ይለኛል። ያሰብኩት በሦስት ወር 20 ኪሎ ለመቀነስ ነበር። ዐቢይ ጾምም እየመጣ ነው። ቤቴ ሽሮ ሜዳ፣ ሥራዬ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ቤት ውስጥ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር አራት ነን፤ በወር አምስት ሊትር ዘይት እንጨርሳለን። ቅዳሜ ከብስክሌት መልስ ከጓደኞቼ ጋር ወጣ እላለሁ። ምን ይመክሩኛል?

ምላሽ፦ ያቺን አንድ ኪሎ አይናቋት። ለእርስዎ የሽንፈት ምልክት መስላ ታይታለች፤ ለእኔ ግን ብስክሌቱ ሥራውን በሚገባ መሥራቱን የምታሳይ ቁጥር ናት። ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

በእርስዎ ክብደት፣ በሰዓት ከ16 እስከ 19 ኪሎ ሜትር በሚሆን ፍጥነት ሳያቋርጥ 45 ደቂቃ የሚነዳ ሰው ተቀምጦ ቢያሳልፈው ኖሮ ከሚያወጣው በላይ 400 ካሎሪ ያህል ያቃጥላል። የአዲስ አበባ መንገድ ግን መብራት አለው፣ ቁልቁለት አለው፣ ተሳፋሪ ለማውረድ ድንገት የሚቆም ታክሲም አለው። ስለዚህ 300 ብንለው ወደ እውነቱ እንቀርባለን። በሁለት ወር ውስጥ 24 ጊዜ ያህል ነድተዋል፤ በጠቅላላው ከ7,200 እስከ 9,600 ካሎሪ መሆኑ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ይይዛል። አካፍለው ይመልከቱት፤ አንድ ኪሎ ወይም ከአንድ ኪሎ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። የስልክ መተግበሪያዎ ከዚህ የላቀ ቁጥር አሳይቶዎት ከሆነ ብዙም አይመኑት፤ እነዚህ መሣሪያዎች ብዙውን ጊዜ ማጋነን ይቀናቸዋል።

በዚሁ ሒሳብ የ20 ኪሎውን ዕቅድ እንየው። 20 ኪሎ ስብ 154,000 ካሎሪ ነው። ለ90 ቀን ሲካፈል በቀን ከ1,700 በላይ ይሆናል። ይህ በቀን ከሚበሉት ከግማሽ በላዩን መተው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የሚጀምር ሰው አይጠፋም፤ የሚዘልቅበት ግን አላየሁም። እየተራበ ሲቀንስ ከስቡ ጋር ጡንቻውም ይሄዳል፤ ሲሰለቸው ደግሞ የሚመለሰው በአብዛኛው ስቡ ነው። ለእርስዎ የምመክረው በስድስት ወር ከ7 እስከ 9 ኪሎ ነው። ትንሽ መስሎ ከታየዎት፣ ከክብደት ከመቶ አምስት እጅ መቀነስ ብቻ፣ በእርስዎ አምስት ኪሎ ያህል ማለት ነው፣ የደም ግፊትንም የደም ስኳርንም በሚታይ መጠን ሊያሻሽል ይችላል። ለእርስዎ ደግሞ ከሱሪው ቁጥር ይልቅ ግፊቱ ይቀድማል።

አሁን ወደ ዘይቱ እንምጣ። ከጥያቄዎ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሳበኝ ያቺ አጭር ዓረፍተ ነገር ናት። አንድ ሊትር የምግብ ዘይት 8,200 ካሎሪ ያህል አለው። አምስት ሊትር 41,000 ነው። ለአራት ሰውና ለሠላሳ ቀን ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን 340 ካሎሪ ይደርሳል፤ በሳምንት 2,400 ገደማ። በብስክሌት በሳምንት የሚያቃጥሉት ቢበዛ 1,200 መሆኑን አይተናል። ያውም ዘይቱን ለአራት እኩል ያካፈልነው ልጆቹ እንደ እርስዎ ይበላሉ ብለን ነው፤ የእርስዎ ድርሻ ከዚህ እንደሚበልጥ መገመት አያዳግትም።

አምስቱን ሊትር ወደ ሦስት ብታወርዱት ምን ይሆናል? ለአንድ ሰው በቀን 136 ካሎሪ፣ በሳምንት 950 ያህል ይቀንሳል። ይህ ሦስቱን ቀን ከሚነዱት ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ለዚያውም ሳያልቡ የሚገኝ። ዘይት መጥፎ ነገር ስለሆነ አይደለም፤ በተለይ ትንንሽ ልጆች ስብ ያስፈልጋቸዋል። ነገር ግን ከጄሪካኑ አፍ ወደ ድስቱ በቀጥታ ሲንቆረቆር ማንም አይለካውም። ወጥ ላይ ዘይት ካልተንሳፈፈ ያልበሰለ የሚመስለን ሰዎች ነን። መላው በእናቶቻችን ማድቤት የኖረ ነው። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ሲይዝ ውሃ ጠብ እያደረጉ በደንብ ማቁላላት፣ በርበሬውንም በዚያው ማብሰል፣ ዘይቱን ከዚያ በኋላ በማንኪያ ለክቶ መጨመር ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው፤ ለአራት ሰው ወጥ ሦስት ማንኪያ ይበቃል። ቅቤም በዚሁ ሒሳብ ውስጥ ነው፤ የተነጠረ ቅቤ በማንኪያ ሲለካ ከዘይት እምብዛም አያንስም።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። ይህን ካነበቡ በኋላ ባለቤትዎ ዘንድ ሄደው «ዘይት ታበዣለሽ» ብለው እንዳይጀምሩ። የወሩን ዘይት እርስዎ ሲገዙ የሦስት ሊትሩን ይግዙ፤ ሽንኩርቱንም በየተራ ያቁላሉ።

ቅዳሜን በተመለከተ የጻፉት በአንድ መስመር ነው፤ እኔ ግን ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። አንድ ጃምቦ ድራፍት እንደ ብርጭቆው ከ150 እስከ 200 ካሎሪ አለው። ሦስት ከጠጡ ጠዋት የነዱት ሙሉ በሙሉ ተመልሷል፤ በሸክላ ጥብስ ገና አልተቆጠረም። ችግሩ ደግሞ ከቢራው ካሎሪ ያለፈ ነው። ስፖርት የሠራ ሰው «ይገባኛል» የሚል ስሜት ያድርበታል፤ ሳያስበው ይጨምራል። ሌላም ነገር አለ። በሰሜን ታንዛንያ የሚኖሩ ሐድዛ የተባሉ አዳኝና ለቃሚ ሕዝቦች አሉ። ተመራማሪዎች በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት እነዚህ ቀኑን ሙሉ የሚጓዙ ሰዎች የሚያወጡት ጠቅላላ ጉልበት፣ የሰውነት መጠናቸው ግምት ውስጥ ሲገባ፣ በከተማ ተቀምጠው ከሚውሉ ምዕራባውያን ብዙም የማይለይ ሆኖ ተገኝቷል። ሰውነት አንድ ቦታ ላይ ሲወጣበት ሌላ ቦታ ላይ የሚቆጥብ ይመስላል። በእርስዎም ላይ ይህ በተራ መልኩ ሊታይ ይችላል፤ ጠዋት ነድተው ከሰዓቱን በሙሉ ሶፋ ላይ ጋደም ብለው ካሳለፉት፣ በሌላ ቅዳሜ ይጓዙት የነበረውን የእግር መንገድ ትተውታል ማለት ነው። ከጓደኞችዎ አይለዩ፤ ሕይወት ሚዛን ብቻ አይደለም። አንድ ድራፍት ጠጥተው ቀሪውን በአምቦ ውሃ ያሳልፉት፤ ከነዱ በኋላም ቤት ገብተው ምሳ ሳይበሉ በቀጥታ ወደዚያ አይሂዱ። በረሃብ የገባ ሰው ምን እንዳዘዘ የሚያውቀው ሒሳብ ሲመጣ ነው።

በነገራችን ላይ የማኪያቶና የሻይ ስኳር አልጠቀሱም። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ካሎሪ ነው። በቀን አምስት ጊዜ፣ በሦስት በሦስት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው ከስኳሩ ብቻ 240 ያገኛል። ይህንንም ይቁጠሩት።

ስለ እንጀራው ጓደኛዎ ከግማሽ በላይ ተሳስተዋል። እንጀራ አብዛኛው ውሃ ነው፤ 100 ግራሙ 150 ካሎሪ አካባቢ ነው። ከተመሳሳይ ክብደት ዳቦ በጣም ያንሳል። ጤፉ ደግሞ አሰርም ብረትም ያለው እህል ነው። እንጀራ ትተው ወደ ነጭ ዳቦ፣ ፓስታና ሩዝ የዞሩ ሰዎች ከወር በኋላ «ምንም አልቀነስኩም» ብለው ሲመጡ ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል። ጓደኛዎ ትክክል የሆኑት መጠኑ ላይ ነው። የኩሽና ሚዛን ካለዎት ለአንድ ቀን ብቻ በምሳ የሚበሉትን እንጀራ ይመዝኑት። 350 ግራም ከሆነ ከ500 ካሎሪ በላይ ወጥ ሳይጨመርበት ነው። ከዚያም ወጡ የሚፈስበት፣ ዘይቱን የሚጠጣው የመሃሉ እንጀራ አለ፤ የሚጣፍጠውም እሱ ነው፤ የሚያወፍረውም እሱ።

በአንድ ትሪ አብሮ መብላት ደስ ይላል፤ ነገር ግን ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም፤ ባለቀ ቁጥር ይጨመራል። አንድ ጉርሻ ያጣላል በሚባልበት ሀገር ደግሞ ሁለተኛውን እምቢ ማለት ከባድ ነው። እሑድና በዓል በትሪው ይብሉ። በሥራ ቀናት ለራስዎ በሳህን ይውሰዱ። እስከ ዛሬ ከሚበሉት እንጀራ አንድ ሦስተኛውን ቀንሰው ቦታውን በምስር፣ በጎመን፣ በፎሶልያ፣ በሰላጣ ይሙሉት። ጾም ባልሆነበት ቀን ቁርስ ላይ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ያድርጉበት። ፕሮቲን ሆድን ቶሎ አያስርብም፤ ሲቀንሱም ጡንቻዎን ይጠብቅልዎታል።

አሁን ጾሙ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላል። ብዙ ሰው በዚህ ወቅት ሊቀንስ ይጠብቅና ለፋሲካ ጨምሮ ይደርሳል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የተራበ ሆድ የሚያገኘው ሳምቡሳ፣ የድንች ጥብስ፣ በዘይት የራሰ ፓስታና ነጭ ዳቦ ነው። የጾም ምግብ መሆኑ ቀላል ምግብ አያደርገውም። ተልባና ሱፍ ጤናማ ናቸው፤ የዘይት እህል መሆናቸውን ግን አይርሱ፤ ፍትፍቱን በልክ። የጾም ገበታዎ መሠረት ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ባቄላና ሽምብራ ይሁን። ዓሣ ላይ የሚነሳውን ክርክር ለአባቶች እተዋለሁ።

በባዶ ሆድ መንዳት የሚባለው ምክር መነሻ አለው። ሳይበሉ ሲነዱ በዚያ ሰዓት ውስጥ ከሚቃጠለው ውስጥ የስቡ ድርሻ ከፍ ይላል። ነገር ግን ሰውነት ሒሳቡን በአንድ ሰዓት አይዘጋም። በቀኑ የሚገባውና የሚወጣው እኩል እስከሆነ ድረስ በልተው የነዱትም ሳይበሉ የነዱትም የሚቀንሱት ስብ ተመሳሳይ ሆኖ ነው የተገኘው። በጠዋት ሳይበሉ ቢወጡና ቢመችዎት ክፉ አይደለም። ቀስ ብሎ ረጅም መንዳት «ስብ ይለያል» የሚለውም፣ ብስክሌት «ቦርጭ ብቻ ያጠፋል» የሚለውም ያው ናቸው፤ ሰውነት ስብን ከየት እንደሚያነሳ እኛን አያማክርም። በጾም ወራት ግን የሚመቸው ሰዓት ጾሙን ከፈቱ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ሳይመሽ ነው። ውሃም ሳይቀምሱ የሚጾሙ ከሆነ ጠዋት ዳገት አይውጡ።

ስለ አነዳዱ ልመለስ፤ ምግቡን ስላስረዘምኩ ብስክሌቱን የናቅኩ እንዳይመስልዎት። ክብደትን ለመቀነስ ድስቱ ይበልጣል፤ የቀነሰው ተመልሶ እንዳይመጣ ለማድረግ፣ ለልብና ለደም ግፊት ግን እንቅስቃሴውን የሚተካ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። እርስዎ 135 ላይ ነዎት። ጊዜ ከየት ይምጣ ካሉ፣ ከታክሲ ሰልፍ ነው የሚመጣው።

ሽሮ ሜዳና ሜክሲኮ ለዚህ የታደሉ ቦታዎች ናቸው። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ሥር ጀምሮ ወደ አቃቂ የሚያዘቀዝቅ ከተማ ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ሲወርዱ ሳያልቡ ይደርሳሉ፤ ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ ስድስት ኪሎን ይዘው ሽቅቡን ይወጣሉ፤ ላብዎንም ቤትዎ ይታጠቡታል። እርስዎና ብስክሌቱ አንድ ላይ 110 ኪሎ ብትሆኑ፣ በከፍታ እያንዳንዱ 100 ሜትር ሽቅብ ከ110 ካሎሪ ያላነሰ ይፈልጋል። ቁልቁለቱ ግን ፍሬን ከመያዝ ያለፈ ሥራ የለውም፤ ስለዚህ በኪሎ ሜትር አይመኩ፤ የወጡትን ይቁጠሩ። በሳምንት ሁለት ቀን በዚህ ይጀምሩ። ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት ይውጡ፤ በኮሪደር ልማቱ የተሠራው የብስክሌት መስመር ባለበት ሁሉ እሱን ይያዙ፤ የራስ መከላከያ ቆብና የኋላ መብራት ሳያደርጉ ግን አይውጡ። መንገድ ለሰው በሚል ስም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ መንገዶች ለመኪና የሚዘጉባቸው እሑዶች ካገኙ ደግሞ ልጆቹንም ይዘው ይውጡ።

ዳገቱን በትልቅ ማርሽ እየታገሉ አይውጡ። ቀላሉን ማርሽ አስገብተው እግርዎ በደቂቃ ከ70 እስከ 80 ጊዜ እንዲዞር ያድርጉ፤ ቀኝ ጉልበትዎ በ15 ሴኮንድ ውስጥ ወደ 19 ጊዜ ያህል ሲነሳ ልክ ነው። መቀመጫውንም ይዩት። ያገለገለ ብስክሌት የገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለቱም እግሩ መሬት እንዲረግጥ ብሎ ዝቅ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ጉልበት ከመጠን በላይ ይታጠፋል፤ በ96 ኪሎ ላይ መታመም ሊጀምር ይችላል። ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጡና ተረከዝዎን ታች ባለው ፔዳል ላይ ያድርጉ፤ እግርዎ ቀጥ ሊል ይገባል። ከዚያ በመደበኛው የእግር መዳፍ ሲረግጡ ጉልበትዎ በትንሹ ይታጠፋል፤ ልኩ እሱ ነው። ዳገቱ ሲብስ ወርዶ መግፋት ነውር የለውም፤ መግፋትም ያቃጥላል። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ቤት ውስጥ ቁጭ ብድግና ፑሽ አፕ ይጨምሩ፤ ብስክሌት ለላይኛው አካል የሚሠራው ብዙ የለውም።

ሚዛን ላይ በየቀኑ አይውጡ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ከሽንት በኋላ፣ ቁርስ ሳይበሉ ይበቃል። አዲስ ስፖርት ሲጀመር ጡንቻ ስኳሩን አከማችቶ አብሮት ውሃ ይይዛል፤ ስለዚህ ስብ እየቀነሰ ሚዛኑ ዝም ሊል ይችላል። የልብስ ሰፊ ሜትር ገዝተው በእምብርትዎ ዙሪያ በየሁለት ሳምንቱ ይለኩ። ለወንድ 94 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ማስጠንቀቂያ፣ ከ102 በላይ ደግሞ አደጋው የጎላ ነው ተብሎ ይወሰዳል። ከስምንት ሳምንት በኋላ ወገብዎም ሚዛኑም ካልተነቃነቁ ለሦስት ቀን የሚገባውን ሁሉ፣ ጉርሻውንም ቆሎውንም ሳይቀር፣ ጽፈው የሥነ ምግብ ባለሙያ ያሳዩ፤ ሐኪምዎም የታይሮይድ ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነ ይወስናል።

መድኃኒቱን ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለማይቸኩል አይደለም፤ ከሐኪምዎ ጋር የሚነጋገሩበት ስለሆነ ነው። ክብደት ሲቀንስ ግፊትም ስለሚወርድ ለ96 ኪሎ የታዘዘው መጠን በኋላ ሊበዛብዎት ይችላል። ከተቀመጡበት ሲነሱ የሚያዞርዎት ከሆነ ግፊትዎን አስለክተው ለሐኪምዎ ይንገሩ እንጂ በራስዎ አያቋርጡ። የሚወስዱት እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያለ ውሃን በሽንት የሚያስወጣ ዓይነት ከሆነ፣ ያለ ውሃ መጾምና መንዳት አንድ ላይ አይሄዱም፤ የሚወስዱበትን ሰዓት ከጾሙ በፊት ከሐኪምዎ ጋር ያስተካክሉ፤ ስለ ጾሙ ሰዓትም የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። አቴኖሎል ከሆነ ደግሞ የልብ ምትዎ እንደ ሌላው ሰው ስለማይጨምር የእጅ ሰዓቱን ቁጥር ትተው በንግግር ይመዝኑት፤ እየነዱ አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻሉ ፍጥነቱ ተስማሚ ነው። እየነዱ ደረትዎን ከጨመቀዎት፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ወይም ባልተለመደ ሁኔታ ትንፋሽ ካጠረዎት ብስክሌቱን ባሉበት አቁመው ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ በታክሲ ወይም በአምቡላንስ እንጂ ነድተው አይደለም።